የሮማኒያውን የገዳም ፊልም ያያችሁ፣ በቄሱ ፈረዳችሁበት?

የማራኪው፦
ሰላም ጎንደሮች። ማታ «ከኮረብታዎቹ ማዶ»ን አየሁት፣ የዳይሬክተር ክርስቲያን ሙንጂዩን። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ማጀቢያ ሙዚቃ የሚባል ነገር የለውም፣ መሀል ላይ መብራት ሄዶብኝ እንኳ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አሊና እና ቮይኪጻ ማሳደጊያ ውስጥ አብረው ያደጉ ናቸው። አሊና ከጀርመን መጥታ ጓደኛዋን ይዛት ልትሄድ ነው፣ ቮይኪጻ ግን ገዳም ገብታለች። ከዚያ አሊና ስትጮህና ስትንፈራገጥ ጋኔን ነው ብለው ጣውላ ላይ ያስሯታል። ቄሱን ልጠላው ብል አልሆነልኝም። እኛ ጠበል ቦታ ታስሮ የሚመጣ ሰው እያየን ስላደግን ይሆን?

አዘዞ ሰፈር፦
እኔም አልፈረድኩበትም። ሐኪም ቤቱ እኮ መድኃኒት ጽፎ ወደ ገዳሙ ነው የመለሳት። ያሳደጓት ሰዎች ጋ ስትሄድ ደግሞ በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ገብታለች። ሁሉም ደግ ደግ እያወራ ወደ ሌላው ይገፋታል። እኔን ያሳመመኝ ማሰሩ ሳይሆን ይሄ ነው።

ወለተ ማርያም፦
ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ፈርጄበታለሁ። «ለእሷ ብለን ነው» እየተባለ ነው እኮ የሞተችው! ታሪኩም ከሜዳ አልመጣም፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያው ሮማኒያ ታናኩ በሚባል መንደር ከሆነ ነገር የተነሳ ነው። አያቴ ከጎኔ ሆና ስታይ ነበር። በጠበል የምታምን ሴት ናት፣ ቋንቋውም አይገባትም። ሲያስሯት ግን ከመደቡ ብድግ ብላ «ኧረ ፍቷት፣ የሰው ልጅ አይደለችም ወይ!» አለች። ከዚያ በኋላ ምን ልበል?

ፊልም ወዳጅ፦
ስለ ትወናው ማንም አላነሳም እንዴ? ኮስሚና ስትራታን እና ክርስቲና ፍሉቱር እ.ኤ.አ. በ2012ቱ የካን ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ለሁለት ነው የተካፈሉት፣ ጽሑፉም ተሸልሟል። ካሜራው አይቸኩልም፣ መነኮሳቱ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሲተራመሱ ሳይቆርጥ ያያቸዋል፣ አንተም መውጫ ታጣለህ። መጨረሻው ላይ ደግሞ የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ጭቃው መስታወቱን ጧ! ሲያደርገው...

የማራኪው፦
ጭቃዋን አሁን መልሼ አየኋት። ፖሊሶቹ ስለ ሌላ ወንጀል እያወሩ ነው ለካ፣ መጀመሪያ አላስተዋልኩም። መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የአሊና ነገር ለእነሱ አልቋል። ወለተ ማርያም፣ አያትሽ ይሄን አዩት?

ወለተ ማርያም፦
የት ታየዋለች፣ ልጅቷ ሳትፈታ ስትቀር ነጠላዋን ተከናንባ ወጥታ ሄደች።