ከአዳማ ወደ ኦቦክ በቤት መኪና ለመጓዝ ምክር ስለመጠየቅ

በጥር ወር ከባለቤቴ፣ ከልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ከአዳማ ተነሥተን፣ በአዋሽ፣ በሚሌና በሰመራ አድርገን ጋላፊ ላይ የጅቡቲን ድንበር በመሻገር፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ ወደምትገኘው ትንሿ የኦቦክ ወደብ ለመሄድ አስበናል። ወሩን የመረጥነው ሙቀቱ ጋብ ስለሚል ነው፤ በሐምሌ እናቴን በዚያ በረሃ ይዞ ማለፍ የማይታሰብ ነው። ፓስፖርት ይዘናል፤ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የተባለውንም የመኪና መድን እንገዛለን።

የተቸገርነው በሊብሬው ነው። ሊብሬው በውጭ አገር በሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ስም ሲሆን፣ የያዝኩት ውክልና «ለማሽከርከርና ለማስተዳደር» ይላል እንጂ መኪናውን ከአገር ስለማስወጣት አንዳች አይጠቅስም። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ይበቃል ሲለኝ፣ ሌላው ከድንበር ትመለሳላችሁ አለኝ፤ ሁለቱም ግን የቤት መኪና አሻግረው የሚያውቁ አልመሰለኝም።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወገኖች ጋላፊ ላይ የተጠየቃችሁትን ሰነድ ብትነግሩኝ፣ እንዲሁም ከአሳል ሐይቅ አካባቢ ወደ ታጁራ የሚታጠፈው መንገድ እስከ ኦቦክ ድረስ ዝቅ ላለች መኪና ይመች እንደሆነ፣ ወይስ መኪናውን ጅቡቲ ከተማ አቁሞ በጀልባ መሻገር ይሻል እንደሆነ ብታስረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። እናቴ ጀልባ ላይ ወጥታ ስለማታውቅ እኔ የብሱን እመርጣለሁ።