የአፄ ካሌብን ልብስ ልሰራ ነው፤ ዳይሬክተሩ ግን «ጎፈር ካልሆነ» ይላል

ባለመርፌዋ (ፒያሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለቲያትርና ለፊልም ልብስ አዘጋጃለሁ። አሁን ስለ 6ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ስለ አፄ ካሌብ የሚሰራ አጭር ፊልም ይዣለሁ፤ ቀረጻው ደርሷል። ከዳይሬክተሩ ጋር ግን አልተግባባንም። እሱ የሚፈልገው ንጉሡ የአንበሳ ጎፈር አናቱ ላይ ደፍቶ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ ደርቦ እንዲገባ ነው። «ይሄ እኮ የምኒልክ ዘመን አለባበስ ነው» ስለው፣ «ታዲያ ተመልካቹ ንጉሥ መሆኑን በምን ይወቅ?» ይለኛል።

ይሄ የሱ ብቻ ችግር አይደለም። እኛ ሙያ ውስጥ እጅ በእጅ የምትዞር አንዲት ካባ አለች። ከይኩኖ አምላክ እስከ ቴዎድሮስ ሁሉንም ያነገሠች እሷ ናት። አንገቷ ላይ የሜካፕ እድፍ አለ፤ ታጥቦ አይለቅም። አሁን ደግሞ ካሌብን ልታለብስልን ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የአክሱም ነገሥታት በእርግጥ ምን ይለብሱ ነበር? ደግሞስ ፊልም ላይ ይሄን ያህል መጨነቅ ተገቢ ነው ወይስ እኔ ነኝ ነገር የማከብደው?

የመጨረሻው ወንበር

እህቴ፣ ታከብጃለሽ። ፊልም ፊልም ነው። ስለ ሮም የተሠራውን ፊልም «ግላዲያተር»ን ተመልከቺ። ንጉሠ ነገሥቱ ኮሞደስ መድረኩ መሀል በጩቤ ተወግቶ ይሞታል። እውነተኛው ኮሞደስ በ192 እ.ኤ.አ. ናርሲሰስ የሚባል የትግል ስፖርተኛ አንቆ ነው የገደለው፣ ያውም መታጠቢያ ቤት። ፊልሙ ላይ አባቱን ገድሎ ዙፋን ይወጣል፤ በታሪክ ግን አባቱ ከመሞቱ ሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ አብሮት እየገዛ ነበር። ታዲያ ማን ከሲኒማ ቤት ተነስቶ ወጣ? እኔ እንዲያውም ስለ አባቱ ስለ ማርከስ ኦሬሊየስ ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ፊልም ነው።

አምስት ኪሎ

ወንድሜ፣ የሮም ነገር ሌላ ነው። ስለ ሮም አንዱ ፊልም ቢዋሽ ሌላው ያርመዋል፤ መጽሐፉ፣ ሐውልቱ፣ ጨዋታው ሁሉ አለ። ካሌብን ግን አብዛኛው ሰው በፊልም ሲያየው የመጀመሪያው ይሆናል። ያን ቀን ጎፈር ከደፋ፣ በቃ፣ ለልጆቻችንም ጎፈር እንደደፋ ነው የሚኖረው። ለግብጿ ንግሥት ለክሊዮፓትራ የቆዳ ቀለም በ2023 እ.ኤ.አ. በአንድ ተከታታይ ፊልም ሰበብ ዓለም እንዴት እንደተጯጯኸ አይተናል። እኛ ደግሞ የራሳችን ንጉሥ ምን እንደለበሰ እንኳ ጠይቀን አናውቅም።

ባለመርፌዋ፣ አንቺ ወዳለሁበት ሰፈር ውጪ። ከፒያሳ በአራት ኪሎ አድርገሽ ዳገቱን ብትይው ብሔራዊ ሙዚየም ነሽ። ሰው ሁሉ ቀጥታ ወደ ሉሲ ነው የሚወርደው፤ አንቺ የአክሱም ሳንቲሞች ጋ ቁሚ። የወርቁ ሳንቲም የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው፤ ስለዚህ አጉሊ መነጽር ያዢ። በአንዱ ገጽ ንጉሡ ዘውድ ደፍቷል። በሌላው ገጽ ዘውድ የለም፤ ራሱን በጨርቅ ጠቅልሎ አስሯል፣ እጁ ላይ ጭራ ወይም ቅርንጫፍ የሚመስል ነገር ይዟል። ግራና ቀኝ የስንዴ ዛላ ያቅፈዋል። ጎፈር የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ የበለጠ ደግሞ አለ። የ6ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይን ጸሐፊ ዮሐንስ ማላላስ፣ የንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ መልእክተኛ አክሱም ሲደርስ ያየውን ጽፏል። ንጉሡን የሚጠራው በካሌብ የንግሥ ስም በእለ አጽብሐ ነው። ንጉሡ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው ይላል። ከወገቡ በታች በወርቅ ክር የተሠራ የተልባ እግር ጨርቅ አገልድሟል። ሆዱና ትከሻው ላይ ዕንቁ የተሰካበት ጠፍር፣ ክንዱ ላይ አምባር፣ አንገቱ ላይ ወርቅ አለ። ራሱ ላይ በወርቅ ክር የተሠራ ጥምጥም፣ ከግራና ቀኝ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። በአንድ እጁ በወርቅ የተለበጠች ትንሽ ጋሻ፣ ሁለት ትናንሽ ጦሮችም ይዟል። የቆመው ደግሞ አራት ዝሆኖች በሚስቡት፣ በወርቅ በተለበጠ ሠረገላ ላይ ነው!

መልእክተኛ ስለሆነ ትንሽ ሳያጋንን አይቀርም ትዪኝ ይሆናል። ይሁን። ጥምጥሙን ግን ሳንቲሙ ራሱ ይመሰክርለታል። ለዳይሬክተሩ ይሄን አንብቢለትና «ካባው ይሻላል ወይስ ይሄ?» በይው።

ባለመርፌዋ (ፒያሳ)

አነበብኩለት። ዝሆኑን በጣም ወደደው፤ ባጀታችን በግ እንኳ አይገዛም እንጂ። ራቁት ደረት ላይ ግን ቆመ። «ቅዱስ የምንለውን ንጉሥ ደረቱን ገልጬ ባሳይ ሕዝቡ ይቀጠቅጠኛል» አለ። እውነቱን ነው፣ ይቀጠቅጡታል።

አምስት ኪሎ

እንግዲያው ለሁለት ክፈሉት። መልእክተኛውን የሚቀበልበት ትዕይንት በጽሑፍ ያለ ስለሆነ እንደተጻፈው ይሁን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥና መንኩሶ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም የሚታይበት ላይ እንደፈለጋችሁ አልብሱት፤ ለሱ ማስረጃ ይዞ የሚሞግታችሁ የለም። ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም የላከበትን ትውፊት ካስገባችሁ ግን ዘውዱን ከሳንቲሙ ቅዱት። ከጎንደር ዘመን ዘውድ እንዳትቀዱ አደራ።

የበርበሬ ጠላት

አይ ሰዎች፣ ልብስ ብቻ ነው እንዴ? ግብር የሚበላበት ትዕይንት ካላችሁ ቀዩን ወጥ አንሱልኝ! በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ኮሎምበስ ባሕር ከተሻገረ ከ1492 በፊት በዚህ ምድር ማንም አልቀመሰውም። ካሌብ ደግሞ ከዚያ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ቲማቲም፣ ድንች፣ በቆሎም እንዲሁ። ጀበናውንም አውጡት፤ ቡና ስለመጠጣት አስተማማኝ ወሬ የምናገኘው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከሜዲትራኒያን አካባቢ በእንስራ የሚገባ ወይን ግን ነበራቸውና ወይን ቅዱላቸው። ጤፍ ምንም አይላችሁም።

ጽሕፈት ካለም አንድ ነገር ልጨምር። የካሌብ የወርቅ ሳንቲም ጽሑፉ ግሪክኛ ነው። አክሱም የተገኘው የድንጋይ ጽሑፉ ደግሞ ቋንቋው ግእዝ፣ ፊደሉ የደቡብ ዓረብ። ስለዚህ ንጉሡ ፊት የሚዘረጋው ብራና የዛሬውን ፊደል ብቻ ባይዝ ያምራል። ሲነጋገሩ አማርኛ ይናገሩ፣ ግድ የለም፤ ሰው መስማት አለበት።

የመጨረሻው ወንበር

ወጡን ሳይቀር? እናንተ ጋር ፊልም የሚያይ ሰው ምስኪን ነው። የዝሆኑን ነገር ግን አላውቅም ነበር። እሱን ለማየትስ ትኬት እቆርጣለሁ።

ሽሮ ሜዳ ሸማኔ

ሥራው ላይ ያለሁ ሰው ልናገር። ለሽርጡና ለጥምጥሙ የተልባ እግር ጨርቅ ፍለጋ አትንከራተቺ፤ ቀጭን የእጅ ሽመና ጥጥ ካሜራ ላይ አይለይም። ነጩን እንዳለ እንዳትጠቀሚው ብቻ፣ መብራት ሲያርፍበት ፊቱን ያጠፋብሻል። በሻይ ቅጠል ነክረሽ ትንሽ አጥቁሪው። የሚያብረቀርቀውን ክር ጫፍ ጫፉ ላይ በስሱ አስገቢ፤ ከበዛ የሠርግ ልብስ ይመስላል። ዘርፎቹን ከጥምጥሙ ጋር አብረሽ እንዳትሰፊያቸው፣ ተዋናዩ ዞር ሲል መወዛወዝ አለባቸው። አምባሩ ደግሞ ናስ ይሁን። ግን ድምጽ የሚቀዳውን ልጅ አስቀድመሽ አስጠንቅቂው፤ በተጋጨ ቁጥር ማይኩ ውስጥ ይገባል።