ቢኤምደብልዩ አር 80 አርቲ ሐረጎ ዳገት ላይ ስትሞቅ ቀጥ ትላለች፣ ምን ይሆን?

የቦርከናዋ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። አባቴ ያስረከበኝ አር 80 አርቲ አለችኝ፣ በፈረንጅ የ1983 ስሪት፣ 797 ሲሲ፣ ያቺ ሁለት ሲሊንደሯ ግራና ቀኝ የወጣው፣ ሰንሰለት የሌላት በካርዳን፣ ማለት በሚሽከረከር ዘንግ፣ የምትሄደው። አባቴ የገዛት በ77ቱ ድርቅ ለእርዳታ ሥራ ወሎ የመጣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው፣ ያኔ አሰብ የኛ ወደብ ስለነበረች በባቲ በሚሌ አድርጎ አሰብ ድረስ ስንቴ ተመላልሶባታል። አሁን ጉልበቱን ስለሚያመው አይነዳም፣ ጠዋት ሳስነሳት ግን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጣታል፣ ቫልቮ ሲንኳኳ ከኔ ቀድሞ እሱ ነው የሚሰማው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከተማ ውስጥ ምንም የላትም፣ ጠዋት አንዴ ሲነኳት ትነሳለች፣ ወደ ደሴ ስወጣ ግን ሐረጎ ዳገት ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየጎተትኩ ግማሽ ላይ ስደርስ ትጠፋለች። ብመታት ብመታት እምቢ። ዳር አቁሜ 20 ደቂቃ ያህል ስጠብቅ ምንም እንዳልሆነች ትነሳና ደሴ ታስገባኛለች፣ አንዳንዴ መሃል ላይ ደግማ ትቆማለች። ባለፈው የጭነት መኪና ከኋላዬ እየመጣ መታጠፊያ ላይ ጠፍታብኝ በጣም ደንግጫለሁ።

እስካሁን ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ ባትሪ አዲስ ነው፣ ካርቦራቶሮቹ ተፈተው ታጥበዋል። አንድ መካኒክ ሲሊንደሩ አልቋል ቶርኖ ቤት ወስደን እናስፋው፣ ፒስቶንም ከሌላ ሞተር እናመሳስላለን አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ካርቦራቶሩን በሌላ እንቀይረው ይላል። ሁለቱም ብዙ ብር ነው፣ ከብሩ በላይ ግን አባቴ እንዲህ ጠብቆ ያቆያትን ነገር እንዳላበላሽበት ነው የፈራሁት። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ካምቢዮ_ደሴ
ልጄ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ማንም እንዳይነካብሽ። በፈረንጅ ከ1981 ወዲህ የወጡት የእነዚህ ሞተሮች ሲሊንደር እንደ ድሮው ውስጡ የብረት እጅጌ የለውም፣ አሉሚኒየሙ ላይ ስስ የኒኬልና የሲሊከን ካርባይድ ሽፋን ነው ያለው፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ ከተፋቀ ሽፋኑ ሄደ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ፋሻው፣ ፒስቶኑ ላይ ያለው ቀለበት ማለት ነው፣ ባዶ አሉሚኒየም ላይ ነው የሚሄደው፣ ሲሊንደሩም አበቃለት። ደግሞ አስቢው፣ ያለቀ ፋሻ ጠዋትም ያለቀ ነው ከሰዓትም ያለቀ ነው፣ ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያሳይሻል፣ ጉልበት ያንሳል፣ 20 ደቂቃ አርፎ ግን አይድንም። ያንቺዋ ስትበርድ የምትድን ከሆነ የሚሞቅ ነገር ነው የሚታመመው።

እስኪ ሁለት ነገር መልሺልኝ። አንደኛ ስትጠፋ እንዴት ነው የምትጠፋው፣ እንደ መብራት ማጥፊያ ቀጥ ነው ወይስ እየሳለች እየተንተፋተፈች ነው? ሁለተኛ ገና እየተንከባለልሽ ማርሽ ውስጥ ሆና ጎማው ሞተሩን እያዞረው እያለ የዙር መለኪያው መርፌ ወዲያው ዜሮ ላይ ይወድቃል ወይስ ከፍጥነቱ ጋር ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው? ወዲያው ከወደቀ እሳቱ ተቋርጧል፣ ቀስ ብሎ ከወረደ ቤንዚን ነው የምንጠረጥረው።

ሦስተኛ ደግሞ እዚያው ዳገቱ ላይ የምታደርጊው። የቢንግ ካርቦራቶር የታችኛዋ ሳህን፣ ቤንዚን የሚጠራቀምባት፣ በሽቦ ብቻ ነው የተያዘችው፣ ቁልፍም ካቻቢቴም አትፈልግም፣ ሽቦዋን ወደ ጎን ገፋ ስታደርጊያት ትወርዳለች። ስትጠፋብሽ ቶሎ ሁለቱን የቤንዚን መክፈቻዎች ዝጊና ሳህኖቹን አውርደሽ እያቸው። ሞልተው ከመጡ ቤንዚን እየደረሰ ነው፣ ባዶ ወይም ግማሽ ከሆኑ ከላይ አይመጣም ማለት ነው። ብቻ ቀስ ብለሽ፣ ቤንዚኑ የጋለ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ላይ እንዳይፈስ፣ ጨርቅ ያዢ፣ ሰው ካጠገብሽ ይኑር።

የሐይቅ_መንገድ
እህቴ ጋሼ ያሉሽ ላይ አንድ ልጨምር፣ የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኖ ይሆናል። ቤንዚኑ ሲወርድ በምትኩ አየር ካልገባ ታንከሩ ውስጥ መሳብ ይፈጠርና ፍሰቱ ይቆማል፣ ስትቆሚ ቀስ ብሎ አየር ሾልኮ ይገባና ትነሳለች፣ ልክ አንቺ እንዳልሽው። የኔ አሮጌ ሞተር በዚህ ነው አንድ ወር ያሰቃየኝ፣ መተንፈሻው ውስጥ አቧራና ዝገት ተጋግሮ ነበር። ስትጠፋ ክዳኑን ክፈቺው፣ ፍስስ ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳች አገኘሽው ማለት ነው።

ከፍታውንም አትርሺ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር፣ እዚህ ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቦራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይይዛል፣ ዳገት ላይ ትደክማለች። የካርቦራቶሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ግን ወደ ሚሌ ወደ አፋር የምትወርጂ ከሆነ መልሺው፣ እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ካምቢዮ_ደሴ
የመርፌውን ነገር እስማማለሁ ግን አሁን አትንኪው። በአንድ ቀን ሦስት ነገር ከቀየርሽ የቱ እንዳዳናት አታውቂም፣ መልሳ ስትታመም ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። በቤንዚን ብዛት የደከመች ሞተር ደግሞ ትደክማለች እንጂ ቀጥ ብላ አትጠፋም።

እስከዚያ ግን ቫልቮውን ለኪ። ሌሊቱን ያደረ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነው የሚለካው፣ ጠዋት ሳትነሳ፣ አስገቢው 0.10 ሚሊሜትር አስወጪው 0.20። አስወጪው እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ፣ ማለት ዛሬ አስተካክለሽው ትንሽ እንደሄድሽ እንደገና ጠቦ ካገኘሽው፣ የቫልቮው መቀመጫ እየሰመጠ ነውና ንገሪኝ።

የቦርከናዋ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም አላህ ይስጥልኝ። ቅዳሜ ወንድሜ በባጃጅ እየተከተለኝ ወጣሁ። እንዳሉኝ የዙር መለኪያውን መርፌ እያየሁ ስነዳ ልክ ስትጠፋ ፍሪሲዮን ሳልይዝ ትንሽ ተንከባለልኩ፣ መርፌው በአንዴ ዜሮ ላይ ወደቀ፣ ሞተሩ ግን ሲዞር ይሰማኛል። ሳልም ምንም የለም፣ ቀጥ። ክዳኑን ከፈትኩት፣ አየር አልሳበም፣ ብመታትም አልተነሳችም። ከዚያ ሳህኖቹን አወረድናቸው፣ ወንድሜ ስልኩን አብርቶልኝ ሁለቱም እስከ አፋቸው ሙሉ ናቸው፣ የቀኙ ታች ላይ እንደ ሻይ ቅጠል ትንሽ ዝገት ነበረው፣ ጠረግኩት። ካንዴላው ወደ ጥቁር ያደላ ቡናማ ነው።

ቫልቮ ጠዋት ለካሁ፣ የግራው አስወጪ ብቻ 0.15 ሆኖ ነበር፣ ወደ 0.20 መለስኩት፣ ሌሎቹ ልክ ናቸው።

ሌላ ያላልኳችሁ ነገር አለ፣ አስፈላጊ አልመሰለኝም ነበር። ዓምና ፍሬሙ ተፈታቶ ቀለም ተቀብቷል፣ ታንከሩ ሥር ያሉት ገመዶችና ያቺ ጥቁር ሳጥን ሁሉ ወርደው ነበር። አሁን ሳስበው መጥፋት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ካምቢዮ_ደሴ
በቃ እዚያው ነው ያለው ልጄ።

ያቺ ሳጥን የእሳት መቆጣጠሪያዋ ናት። የ1981 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ፑንቲና፣ እሳቱን እየነካ እየለቀቀ የሚቆርጠው የድሮው ማቋረጫ፣ የላቸውም፣ ፊት ለፊት ካለው ክዳን ኋላ ሆል ሴንሰር የሚባል አለ፣ እሱ ፒስቶኑ የት እንደደረሰ ይናገራል፣ ሳጥኗ ደግሞ ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨውን የቦቢናውን ኤሌክትሪክ ትከፍታለች ትዘጋለች። ያንን ሁሉ ኤሌክትሪክ ስትቆርጥ ትግላለች፣ ግለቷን የሚወስድላት የተቀመጠችበት የአሉሚኒየም ሳህን ነው። በሁለቱ መካከል ነጭ የሙቀት ቅባት አለ፣ እሱ ከደረቀ ወይ ተጠርጎ ሳይቀባ ከተመለሰ፣ ይባስ ብሎ ቀለም ከተቀባበት፣ ግለቱ መውጫ የለውም። ሜዳ ላይ ነፋስ ስላለ ትታገሳለች። ዳገት ላይ ግን ፍጥነትሽ ትንሽ ነው፣ የሞተሩ ወበቅ ሽቅብ ወጥቶ ታንከሩ ሥር ይታፈናል፣ እሷም ትቆማለች፣ ስትበርድ ትነሳለች።

ታንከሩን አውርጂ፣ ከኋላ በእጅ የሚፈቱ ሁለት ዳዶዎች ናቸው፣ ቤንዚን ቱቦዎቹን ነቅለሽ ወደ ላይ ነው። ሳጥኗን ፍቺያትና ጀርባዋን እያት። ቅባቱን ኮምፒውተር ጥገና ቤት ታገኚዋለሽ፣ ፕሮሰሰር ላይ የሚቀቡት ያው ነው፣ ደሴ ፒያሳም ኮምቦልቻም አይጠፋም። ሳህኑን ቀለሙ እስኪለቅ ፍቀሽ በአልኮል አጽጂና ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ብዙ ሲሆን ራሱ እንደ ብርድ ልብስ ነው የሚሆነው። በዚህ ካልዳነች ሴንሰሩን እናያለን። ለዚያ የፊቱን ክዳን ከመክፈትሽ በፊት ግን የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀዪ፣ ይሄን እንዳትረሺ፣ ክዳኑ ሲወጣ የዲዮዱን ሰሌዳ ከነካ ኤሌክትሪኩ ሾርት ያደርግና ሰሌዳው ይቃጠላል።

ባለካርዳን
ከጀርመን ነው የምጽፈው፣ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሸዋ በር ነው ያደግኩት። ጋሼ ያሉት በሙሉ ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ጥንቃቄ ነው። እሳት አለ የለም ብላችሁ ስትፈትሹ የካንዴላውን ገመድ አየር ላይ ይዛችሁ ስታርተር እንዳትመቱ። የድሮዋ ባለ ፑንቲና ትችለዋለች፣ ይቺ ግን እሳቱ መውጫ ሲያጣ መልሶ ሳጥኗን ነው የሚያቃጥለው። ካንዴላውን ፍቱ፣ ቆቡ ላይ ሰኩት፣ ብረቱን ቴስታው (የሲሊንደሩ ራስ) ላይ በደንብ አስነክታችሁ ከዚያ ምቱ፣ ሁለቱንም ጎን።

ታንከሩ ከወረደ አይቀር ቦቢናውንም በእጅ ባትሪ እየው እህቴ፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለው በዝናብ ያስቸግርሻል። ሳጥኗ በእርግጥ ሞታ ከሆነም አትጨነቂ፣ ለነዚህ ሞተሮች መለዋወጫ እዚህ እስካሁን ይገኛል፣ ሰው ሲመጣ እልክልሻለሁ።

የቦርከናዋ
ተገኘ! ሳጥኗን ስፈታት ጀርባዋ ላይ ከድሮው ቅባት የቀረው ዳር ዳሩን እንደ ኖራ የደረቀ ፍርፋሪ ነው፣ መሃሉ ባዶ፣ ሳህኑ ደግሞ ከነ ጥቁር ቀለሙ፣ ቀለሙ ላይ የሳጥኗ ቅርጽ ታትሞበት ተጠብሶ ነበር። አባቴ አምጪው አለኝና በጣቱ ዳሰሰው፣ ከዚያ የአሸዋ ወረቀት አስመጥቶ ሳህኑን ራሱ ነው የፈገፈገው፣ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ አልለቅም አለ። ቅባቱን ኮምፒውተር ቤት ያለ ልጅ ከራሱ ላይ ቀንሶ በነጻ ሰጠኝ።

ትናንት ቀን በሙቀቱ ሰዓት፣ ሆን ብዬ፣ ሐረጎን ወጣሁት። አልጠፋችም። ደሴ ደርሼ ቡና ጠጥቼ ወረድኩ፣ ዛሬ ደግሜ ወጣሁ፣ አሁንም ምንም። ቦቢናው ደህና ነው፣ ስንጥቅ የለውም። ቶርኖ ቤት አለመሄዴን ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እናንተ ባትኖሩ ኖሮ ሲሊንደሮቹን አስፍቻቸው ነበር።

አሁን አባቴን ከኋላ ጭኜ ሐይቅ ልወስደው ነው፣ ከዚያ በፊት ዘይቶቿን ልቀይር አስቤያለሁ፣ የካምቢዮውና የካርዳኑ መቼ እንደተቀየረ አይታወቅም። ስንት ስንት ነው የሚይዙት?

ካምቢዮ_ደሴ
ማሻ አላህ ልጄ፣ አባትሽን ሰላም በይልኝ።

የሞተሩ ዘይት 20 ደብልዩ 50፣ ከነፊልትሮው ሲቀየር 2.5 ሊትር። ፊልትሮው ክዳን ውስጥ ያለችውን ነጭ የጎማ ቀለበት በአዲስ ቀይሪ፣ ያለሷ ወይም በተጨፈለቀች ከገጠምሽው የዘይት ግፊቱ ይወርድና ኩሽኔታዎቹን ትጨርሻቸዋለሽ። ካምቢዮው 0.8 ሊትር፣ የኋላው ጎማ ላይ ያለው የማርሽ ቤት 0.25 ሊትር፣ ለሁለቱም 80 ደብልዩ 90 ጂኤል 5 የሚል የማርሽ ዘይት። በካርዳኑ ቱቦ ውስጥ ያለውንም አትርሺ፣ ትንሽ ነው የሚይዘው፣ ብዙ ሰው ስለማያየው ነው ደርቆ የሚቀረው። ከመቀየርሽ በፊት ትንሽ ነድተሽ አሙቂያት፣ ዘይቱ ከነቆሻሻው ጠቅልሎ ይወጣል።

የቦርከናዋ
እሺ ጋሼ። የካምቢዮውን የታችኛውን ቡሎን ሞክሬው ነበር፣ ከባድ ነው ግን በረጅም ቁልፍ የሚለቅ ይመስለኛል፣ ዛሬ ማታ ላወርደው ነው።

ካምቢዮ_ደሴ
ቆይ፣ እንዳትፈቺው። መጀመሪያ የላይኛውን፣ ዘይት የሚሞላበትን ክፈቺ። እሱ ተጣብቆ እምቢ ካለሽና ታችኛውን አስቀድመሽ ካፈሰስሽው ባዶ ካምቢዮ ይዘሽ ነው የምትቀሪው። ላይኛው በእጅሽ ሲዞር ካየሽ በኋላ ታችኛውን ፍቺ፣ የብረት ብናኝ ካለበትም ፎቶ አንሺልኝ።