የተጣበቀውን የሙቀት ቫልቭ ማኒፎልዱ (የጭስ መሰብሰቢያ ቱቦው) ሳይሰነጠቅ እንዴት ላላቅቀው?

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራችው ባለ ስድስት ሲሊንደሯ ሼቭሮሌቴ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ትኩሱን ጭስ ወደ ካርቡሬተሩ ሥር የሚመራው ቫልቭ ተዘግቶ ስለተጣበቀ፣ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ስወርድ መብራት ላይ ጥቂት ከቆምኩ ቤንዚኑ እየፈላ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነው የከተማችን ከፍታም ነገሩን ያባብሰዋል። የቫልቩ ሞላ ጤነኛ ይመስላል፤ ዘንጉ ግን መውጫው ላይ ቀይ ዝገት ይዞ ንቅንቅ አይልም። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጥቼ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የዘንጉን ጫፎች በትንሽ መዶሻ መታ መታ ባደርግም አልላላም። መካኒኬ በጋዝ ነበልባል እናሙቀው ይላል (ለእሱ ሁሉም ነገር በእሳት ይፈታል)፤ እኔ ግን ማኒፎልዱ እንዳይሰነጠቅ እሰጋለሁ፣ ሶማሌ ተራም ጠይቄ ምትክ አላገኘሁለትም። የቫልቩን ክዳን ጨርሶ ማውጣት በክረምት ጠዋት ሞተሩ ቶሎ እንዳይሞቅ ከማድረግ ሌላ ጉዳት ይኖረው ይሆን? የሠራችሁት ባለሙያዎች ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።