ደመወዜ ከወር ወር አላደርሰኝ አለ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ። ሁለት ልጆች ብቻዬን የማሳድግ እናት ነኝ። ደመወዜ ከወሩ 20ኛ ቀን አያልፍም። ከዚያ በኋላ ብድር ነው። ብድሩን ስከፍል ደግሞ ያው ጉድለት ተመልሶ ይመጣል።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ባለፈው ወር እያንዳንዷን ወጪ በልጄ አሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ብዙውን የበላው ትልቁ ወጪ አልነበረም። ደክሞኝ ከሥራ ስመለስ ከመንገድ የምገዛው ጥቃቅን ነገር ነው። አምፖሎቹንም በኤልኢዲ ቀየርኩ፤ 9 ዋቱ የድሮውን 60 ዋት ያህል ያበራል። ግን መብራቱን በዋናነት የሚበላው የውሃ ማሞቂያው ነው፤ ልጆቹን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ደግሞ አያስችለኝም።

ከሁሉ የከበደኝ የልጆቹ ነገር ነው። ትልቋ ጫማዋ ጣቷን እየቆነጠጣት "አይጠበኝም እማ" ትለኛለች። ገና 8 ዓመቷ ነው። አንጀቴ ይላወሳል።

ብቻችሁን ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። መጀመሪያ ብድሩን ልጨርስ ወይስ ትንሽም ብትሆን ለክፉ ቀን ላስቀምጥ? በአንድ ደመወዝ በጅምላ መግዛት ያዋጣል? ልጆቹ ሳይሳቀቁ "ዛሬ የለም" የምትሏቸውስ እንዴት ነው?