ምልክት የሌላቸውን 9 ሽቦዎች በአርዱዊኖ መለየት

ሽቦ ፈላጊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ቱቦ ያለፉ 9 ሽቦዎች አሉኝ፤ ቀለማቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ምልክትም የላቸውም። በመልቲሜትር ልለያቸው ብል ከጫፍ ጫፍ መመላለስ ሊሆን ነው። ያሰብኩት በወዲያኛው ጫፍ አንዱን ኮመን (ለሁሉም የጋራ መመለሻ) አድርጌ፣ የቀሩትን 8ቱን እያንዳንዳቸውን በተለያየ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን በሚገታ ዕቃ) ከእርሱ ጋር አስሬ፣ በወዲህኛው ጫፍ በአርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እየለካሁ የሽቦውን ቁጥር በኤልሲዲ ስክሪን ማንበብ ነው። ምን ምን ሬዚስተር ልጠቀም? የሽቦው የራሱ ሬዚስታንስስ አያሳስተኝም?

የመስመር ሠራተኛ፦ ከሁሉ በፊት ሽቦዎቹን ከሁለቱም ጫፍ ፍታ፤ ከዚያ መልቲሜትሩን በኤሲ ቮልት አድርገህ እያንዳንዱን እርስ በርስም ከመሬት ጋርም ለካ። ኃይል ያለበት ሽቦ አርዱዊኖውን ያቃጥላል፣ አንተንም ይጎዳል። እባክህ ይህን አትዝለል።

አናሎግ፦ ሐሳብህ ይሠራል። ከአርዱዊኖው 5 ቮልት ፒን በ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርገህ ወደ ኤ0 (ቮልት ወደሚለካው ፒን) አምጣ፤ የምትለካውን ሽቦ በኤ0፣ ኮመኑን በግራውንድ ላይ አድርግ። ለ8ቱ ሽቦዎች 470 ኦም፣ ከዚያ 1፣ 2.2፣ 4.7፣ 10፣ 22፣ 47 እና 100 ኪሎ ኦም ይበቃሉ። ንባቡ (አርዱዊኖው ቮልቱን ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ይሰጣል) በቅደም ተከተል ወደ 93፣ 179፣ 326፣ 511፣ 696፣ 843፣ 930 እና 977 ይመጣል። ምንም ካልተገናኘ 1023፣ ሾርት ከሆነ (ሽቦዎቹ በቀጥታ ከተነካኩ) 0 አካባቢ ነው። ኦሙን ማስላት አያስፈልግም፤ በሁለት ንባቦች መካከል ያለውን ቁጥር ወሰን አድርገህ ኮዱ የሽቦውን ቁጥር ብቻ ይጻፍ። 5 ፐርሰንት ሬዚስተር ንባቡን ቢያዛባው መሃል ላይ 25 ያህል ነው፣ ወሰኑን አያልፍም። አርዱዊኖውን በባትሪ ብታሠራው የባትሪው መድከምም አያሳስብ፤ ኤዲሲው (ቮልቱን ወደ ቁጥር የሚቀይረው የአርዱዊኖው ክፍል) የሚያወዳድረው ከዚያው ከ5 ቮልቱ ጋር ስለሆነ አብረው ይወርዳሉ።

ሽቦውን በተመለከተ፣ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ በኪሎ ሜትር 12 ኦም ገደማ ነው። 100 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 2.4 ኦም፤ ከ470 አጠገብ ከቁጥር አይገባም።

ሽቦ ፈላጊ፦ ተባረክ! ግን ሁሉም አንድ ቀለም ከሆኑ በወዲህኛው ጫፍ ኮመኑን በምን አውቀዋለሁ?

አናሎግ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ኮመን ያልሆኑ ሁለት ሽቦዎችን ብትለካ የሁለቱ ሬዚስተሮች ድምር ይነበባል። 470 እና 1 ኪሎ ኦም ተደምረው 244 ስለሚሰጡ ኮዱ 1 ኪሎ ኦም መስሎት የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥሬ ንባቡን እያየህ 93 አካባቢ የሚሰጡትን ጥንድ ፈልግ። ሌላ የትኛውም ጥንድ ከዚህ አያንስም፤ ከሁለቱ አንዱ ኮመኑ ነው። ከዚያ የቀሩትን ሽቦዎች በተራ ከሁለቱም ጋር ለካ። ከአንዱ ጋር 179፣ ከሌላው ጋር 244 የሚሰጥ ሽቦ ስታገኝ፣ 179 ያነበበው ኮመንህ ነው።

የመስመር ሠራተኛ፦ ቁጥሩ ከዘለለብህ በአጠገቡ ኃይል ያለው ኬብል አለ ማለት ሊሆን ይችላል። በኤ0 እና በግራውንድ መካከል 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር አስገባ፤ ንባቡንም የ100 ሚሊ ሰከንድ አማካይ አድርገው። ይህ ጊዜ ለ50 ኸርዝ 5 ሙሉ ዑደት፣ ለ60 ኸርዝ ደግሞ 6 ስለሆነ ሁለቱንም ያጠፋል።