የጣሊያናዊ አያቴን መዝገብ ከየት ልፈልግ?

ጥያቄ፦ አያቴ ከ1941 እ.ኤ.አ. በኋላ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ አዲስ አበባ ውስጥ በመካኒክነት የኖሩ ጣሊያናዊ ነበሩ። እናቴ በ1940 መጨረሻ ብትወለድም በስማቸው አልተመዘገበችም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ 1፦ በዚያው ዓመት በግንቦት የወጣው የፋሺስቱ መንግሥት ሕግ፣ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት እናት የተወለደውን ልጅ በሕግ አምኖ እንዳይቀበል ይከለክል ነበር፤ የ1937ቱ ድንጋጌም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣ ነበር። ስለዚህ ዝምታቸውን ክህደት ነው ብለው አይቸኩሉ።

መልስ 2፦ ያ ክልከላ በ1947 ስለተሻረ፣ አያትዎ ከዚያ በኋላ ልጅነቷን ተቀብለው እንደሆነ ያጣሩ። የልደት መዝገባቸው በተወለዱበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ ወታደር ከነበሩም የአገልግሎት መዝገባቸው በአውራጃው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይፈለጋል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ የትውልድ ከተማቸውን ከእናቴ እጠይቃለሁ።